ፎቶውን የገዛው ማን ነው?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብዙ ሀበሻ መኪና ማቆሚያ ላይ ሠርቷል፤ እኔም ሠርቻለሁ። ውድ ምግብ ቤት በር ላይ ትቆማላችሁ። ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጣችኋል፣ ወስዳችሁ ታቆሙለታላችሁ፣ በልቶ ሲወጣ ታመጡለታላችሁ። ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ገበያም አለ። ታዋቂ ሰው ሲገባ ለፎቶ አንሺ ይደወላል። ፎቶ አንሺው መንገድ ዳር አድፍጦ ይጠብቃል፤ ሰውየው ሲወጣ ያነሳዋል፤ ፎቶው ከተሸጠ ለጠቋሚው የሆነች ነገር ጣል ያደርግለታል። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል የሚደውሉ ነበሩ። እኔ አልደውልም ነበር። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የፈረንጅ አክተርን ከፈረንጅ የጥርስ ሐኪም መለየት ስለማልችል ነው።

እዚያ በር ላይ የተማርኩት፣ የትኛው ፎቶ ዋጋ እንደሚያወጣ ነው። አንዲት ተዋናይ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆማ ፈገግ ያለችበት ብዙም አያወጣም፤ አጠገቧ የተደረደረው ፎቶ አንሺ ሁሉ ያንኑ አንስቷል። ዋጋ የሚያወጣው ሌላው ያላገኘው ነው። ያለቀሰችበት፣ ሆዷ ገፋ ያለበት፣ ከባሏ ሌላ ከሆነ ሰው ጋር ራት የበላችበት። እንዲታይባት ያልፈለገችው ነገር ሁሉ ማለት ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የሆሊውዷ ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ መንታ ስትወልድ፣ የልጆቹ የመጀመሪያ ፎቶ በ14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሸጡ ተዘግቦ ነበር። ሻጮቹ ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት እንዲውል አደረጉ። ሌባ ያንዣበበበትን በሬ ቀድሞ ገበያ አውጥቶ እንደመሸጥ ነው። ብልህነት ነው እላለሁ፤ ቢሆንም አንድ አባት የአራስ ልጁን ፎቶ እንዲህ አስቦ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ገበያ ጤነኛ አይመስለኝም።

ገበያው ሰውም ይበላል። ልዕልት ዳያና ኦገስት 31 ቀን 1997 ፓሪስ ውስጥ የሞተችው፣ ፎቶ አንሺዎች በሞተር ሳይክልና በመኪና እየተከታተሏት ነው። ሾፌሩ ጠጥቶ ነበር። በ2008 ለንደን ላይ የተሰየመው ጁሪም (ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ጥፋቱን በሾፌሩም፣ ከኋላ ሲከተሉ በነበሩት ተሽከርካሪዎችም ላይ አድርጓል። የእኛው የሎስ አንጀለስ ታሪክ ደግሞ ይህን ያህል አይወራለትም። በ2013 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ የዘፋኙን የጀስቲን ቢበርን ነጭ ፌራሪ ካነሳ በኋላ ሴፑልቬዳ ጎዳናን ሲሻገር መኪና ገጭቶ ገደለው። ቢበር ፌራሪው ውስጥ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ሕጓን አጠበቀች። በወላጁ ሥራ ምክንያት ልጅን እያሳደደ የሚያስጨንቅ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል። ተዋናዮቹ ሃሊ ቤሪና ጄኒፈር ጋርነር ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርበው ስለ ልጆቻቸው ተናግረው ነው ሕጉ የወጣው። በ2017 ደግሞ የሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዝነኞች ከፍለው የሚገቡበት የተለየ ተርሚናል ተከፈተ። አንዱ ፎቶ እየሸጠ ይበላል፤ ሌላው ከፎቶ መደበቂያ እያከራየ ይበላል። አሜሪካ ናት።

አዲስ አበባስ? ከሩቅ የሚያነሳ ቴሌ ሌንስ ይዞ ዛፍ ሥር የሚያድር ፓፓራዚ፣ ማለትም ዝነኛ አሳዳጅ ፎቶ አንሺ፣ የለም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ብትቀመጡ፣ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ያያችሁት ተዋናይ አጠገባችሁ ማኪያቶውን ይጠጣል። የፈለገው ሰው ተነስቶ ይሄድና "ይቅርታ፣ አድናቂህ ነኝ፣ አንድ ፎቶ ብቻ" ይለዋል። አርቲስቱ ጉርሻ አፉ ውስጥ ቢሆንም ይነሳል። ትከሻ ያቅፋል፣ ይስቃል፣ ይቀመጣል። ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ሌላው ይመጣል።

እምቢ ማለት እንደማይችል አውቃለሁ። እምቢ ካለ "ጉረኛ" ተብሎ ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ያም ሆኖ ከሎስ አንጀለሱ ይሄ ይሻለኛል። ሰውየው ቢያንስ ፊት ለፊት ተጠይቋል። ፊቱን ለማስተካከል ሦስት ሰከንድ ተሰጥቶታል።

የታዋቂ ሰው ፎቶ መሸጥማ ለከተማው አዲስ ነገር አይደለም። በልጅነታችን ፒያሳና መርካቶ አጥር ላይ የዘፋኝና የሯጭ ፖስተር ተሰቅሎ ይሸጥ ነበር። ታክሲ ውስጥ ተለጣፊው፣ ጸጉር ቤት ግድግዳው ሁሉ በእነሱ የተሞላ ነው። ለባለፎቶው ከዚያ ሽያጭ ሳንቲም የደረሰው አይመስለኝም። ቢሆንም ዘፋኙ ለብሶ፣ አምሮበት፣ እዩኝ ብሎ የተነሳው ፎቶ ነው። ገንዘቡን ቢበሉትም ፊቱን አልበሉትም።

አሁን የመጣው ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ስለ ታዋቂ ሰዎች የሚያወራ ገጽ አለው፤ ቲክቶክም ዩቲዩብም ላይ ይሠራል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቤተሰብ ይረዳል። አንድ ማታ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ አብረን እየወረድን ነበር። መንገዱ በመብራት አጊጦ፣ በየአሥር እርምጃው አንድ ወጣት ስልኩን አቁሞ ይጨፍራል። ልጁ በኩራት ስልኩን አውጥቶ "በጣም የታየልኝ ይሄ ነው" ብሎ አሳየኝ። አንዲት ዘፋኝ እናቷ ሞተውባት ለቅሶ ላይ ናት። ነጠላዋ ወድቋል። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ከላይ በቀይ "ልብ ይሰብራል!!!" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥር ደግሞ ሰብስክራይብ አድርጉ።

"ማን አስገባህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት እኮ በር አይዘጋም።"

ይቺ መልስ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። እውነቱን ነው። ድንኳን ተጥሎ ማንነትህን የሚጠይቅህ የለም። ትገባለህ፣ "ነፍስ ይማር" ትላለህ፣ ንፍሮ ትዘግናለህ፣ ትቀመጣለህ። የሎስ አንጀለስ ዝነኞች አጥር አላቸው፤ ጠባቂ አላቸው፤ ጠበቃ አላቸው። የእኛዋ ዘፋኝ ግን በሐዘኗ ቀን ድንኳኗን ለሰፈሩ ሁሉ ትከፍታለች። ያልከፈተች እንደሆነ ነው ነውሩ። በሩ የተከፈተው ግን የሚገባው ሁሉ ሊያስተዛዝን ነው ተብሎ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚገባው ሰው የሚነግደው በዚህ እምነት ላይ ነው። አጥር ዘሎ ካነሳው ፈረንጅ ይልቅ እሱን የምጠየፈው ለዚህ ነው፤ የእህቴ ልጅ ቢሆንም።

ልጁ ክርክር አላጣም። "ታዋቂ ያደረጋት ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ማየት ይፈልጋል" አለኝ። ሆሊውድ ያለው ፎቶ አንሺም የሚለው ቃል በቃል ይህንኑ ነው። ሕዝቡ እሷን የወደዳት በድምፅዋ ነው። ካሴቷን ገዝቷል፣ ኮንሰርቷ ገብቷል፣ ሒሳቡን ዘግቷል። የእናቷ ቀብር ከቲኬቱ ጋር አልተሸጠለትም።

በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ጥላሁን ገሠሠ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር አገር ወጥቶ ነበር፤ ቴሌቪዥንም አሳይቷል። በዚያ ቅር የሚለው ያለ አይመስለኝም። በክብር የተዘጋጀ የአደባባይ ስንብት ነበርና። ዛሬ የአንድ አርቲስት ቀብር ላይ ሥላሴ ብትሄዱ ግን ሳጥኑ ሲወርድ ከሰው እጅ ይልቅ ስልክ ይበዛል። ካሜራው የሚፈልገው ሟቹን አይደለም። መጥተው ያለቀሱትን አርቲስቶች ነው፤ ማን ራሱን እንደሳተ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ፣ ማን ሳያለቅስ እንደዋለ።

ወደ ልጁ ልመለስ። "ለመሆኑ ማን ነው የሚያየው?" ብዬ ጠየቅሁት። የዩቲዩቡን ቁጥር ከፍቶ አሳየኝ። አንደኛ አሜሪካ። ቀጥሎ የዓረብ አገራት። አዲስ አበባ ከዚያ በኋላ። "የአሜሪካ ተመልካች ነው ገንዘብ የሚያመጣው፤ የእዚህ ሰው ቢያይም ያን ያህል አይከፈልበትም" ሲል አስረዳኝ። ልክ ነው፤ አስተዋዋቂ ለአሜሪካ ተመልካች የሚከፍለው ይበልጣል።

እንግዲህ ገዢው ተገኘ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማው በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈር፣ ምሳ እየበላን ስልክ የምንጎረጉረው ሰዎች ነን። ዲያስፖራው ሲሰበሰብ "አገር ቤት ባህሉ ጠፋ፣ ይሉኝታ ጠፋ" ማለት ይወዳል። ወዲያው አንዱ ስልኩን ያወጣና "ያቺን ዘፋኝ ግን አያችኋት? እንዴት እንዳለቀሰች!" ይላል። ስልኩ ጠረጴዛውን ይዞራል። የእያንዳንዳችን ዕይታ ያንን ልጅ ወደሚቀጥለው ድንኳን ይልከዋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ድሮ ሰው ሲሞት ለቅሶው በቪዲዮ ካሴት ተቀርጾ ይላክልን ነበር። መምጣት የማንችል ሰዎች ሳሎን ተሰብስበን ካሴቱን ከፍተን እናለቅስ ነበር። ያ ቪዲዮ ለአንድ ቤተሰብ የተላከ ነው። የቀረጸው ሰው የሟቹን ስም ያውቃል፤ ያየነውም የራሳችንን ሰው ነው። ለቅሶ በስክሪን ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር ያልሆነው ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የማናውቀውን ሰው ለቅሶ ማየት ጀመርን።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1960) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። መሸጥን በስሙ ጠርቶ ነው የከለከለው፤ ካሊፎርኒያ በ2013 ካወጣችው ሕግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ደግሞ በር ይከፍታል። ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን በመሆኑ ፎቶውን ማውጣት ተገቢ ከሆነ፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የሆነ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ያ በር ትክክለኛ በር ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር ሰው ከማን ጋር ምሳ እንደሚበላ ሳያስፈቅዱት ቢያነሱት አልቃወምም። ምሳው የእኛም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዘፋኟ እናቷን ስትቀብር ግን ለእኛ የሚደርሰን ምን ጉዳይ አለ? ታዋቂነቷ ለዚያ ፎቶ ምክንያት ይሆናል የሚል ዳኛ ካለ ልስማው።

ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያው ከአራት ኪሎ ትንሽ ወደ ታች ወርዳችሁ ስልካችሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ አጥር ብታዞሩ፣ ፊሽካ ይነፋባችኋል። "ማንሳት ክልክል ነው!" ግንቡ ጠባቂ አለው። ድንኳን ውስጥ ነጠላዋ የወደቀባት ሴት ግን የላትም። ድሮ የሰፈር ሽማግሌ ነበረላት። "አንተ ልጅ፣ አታፍርም?" ብሎ ስልኩን የሚያስከትት። አሁን ሽማግሌውም አብሮ ይቀረጽና "አባት ተቆጡ" ተብሎ ሌላ ቪዲዮ ይወጣዋል።

ልጁን አሳምኜዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ቪዲዮውን አጥፋው ስለው ሳቀ። ከጥቂት ቀን በኋላ የዘፋኟ ወንድም ደውሎለት አጠፋው። እኔም ደስ አለኝ። ማታ ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ለካ ሌላ ቻናል ቪዲዮውን ቀድሞ አውርዶ፣ የራሱን አርማ ለጥፎ ለቆታል፤ ከእሱ በላይ ታይቷል።

"ሰረቁኝ እኮ፣ ጋሼ! ሳያስፈቅዱኝ! አሜሪካ ቢሆን ይከሰሱ አልነበር?"

ይከሰሳሉ አልኩት። እዚህም የሚያስከስስ ሕግ አለ። አንቀጽ 29ን አንብቤለት ነበር፤ ፎቶው ያለ ፈቃዱ የተሸጠበት ሰው ሽያጩን ሊያስቆምና ሻጩ ካገኘው ጥቅም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል።

"በቃ፣ ይሄ ነው የኔ ጉዳይ!" አለና ተነሳ።

"የአንተ አይደለም፤ የእሷ ነው" አልኩት።