በረካውን ጠጥተን ወጣን

«ሕይወት ክቡር ነው» የምትሉ ወገኖቼ፣ የዛሬው ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ውርጃ መብት ነው ከሚሉት ጋር ሌላ ቀን እንከራከራለን።

ባለፈው ዓመት መጋቢት 29 ቀን፣ በብሥራት በዓል፣ ከቅዳሴ ወጥተን ሰባት ሴቶች አንዲት የማኅበራችን አባል ቤት ቡና ልንጠጣ ተሰበሰብን። ቆሞሱ በዚያ ጠዋት የሰበኩት ስለ ዕለቱ ነበር፦ ቃል ሥጋ የሆነው በቤተ ልሔም በረት አይደለም፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀድሞ፣ ማንም ሳያየው በአንዲት ልጃገረድ ማኅፀን ነው። ራሳችንን እየነቀነቅን ሰማን። ቡናውን የምታፈላልን የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከሃያ ዓመት የማትበልጥ ልጅ። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ደራርባ ጠምጥማለች። አቦሉን ልታዞር ብድግ ስትል ነጠላው ተፈታ።

አሠሪዋ ስኒዋን አስቀምጣ «ይህ ምንድን ነው?» አለቻት። ልጅቷ አልመለሰችም። ጀበናውን እንደያዘች ቆመች፤ እጇ ዘመም ብሎ ቡናው ቄጠማው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ቤቴ የዲቃላ ማሳደጊያ አይደለም። ዕቃሽን ሰብስቢ።»

እርጉዝ ስናይ የምንለው አንድ ቃል አለን፦ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። መንገድ ላይ ለምናልፋት፣ ስሟን ለማናውቃት ሴት እንኳ እንለዋለን። ከሰባታችን አንዳችንም አላልናትም። አባቱ ማን ነው ብሎ የጠየቀም አልነበረም። በዚያ ቤት ስላሉ ወንዶች እያማሁ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀም ነው የምለው። ይልቅ ከመካከላችን አንዷ «ቶናው ቀጠነ» አለች። የቤቱ ልጅ መጥታ ቀዳች። ልጅቷ ጓዳ ውስጥ ልብሷን ስትሰበስብ እኛ ተቀምጠን በረካውን ጠጣን፤ ቤቱን መርቀን ወጣን።

ምን ዓይነት ሰዎች ነን? አማርኛችን እርጉዝን ነፍሰ ጡር ይላታል። ሐኪም በመሣሪያ ሳያሳየው፣ በሆዷ ያለው ነፍስ መሆኑን ያውቃል። ያገባች ሴት ስታምጥ ማርያም ማርያም እያልን ገንፎ እናገነፋለን። ያላገባችዋ ስትሆን ያው ነፍስ በምን ዲቃላ ይሆናል?

ማዘር ቴሬዛ በ1972 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ውርጃ ትልቁ የሰላም ጠላት ነው ማለታቸውን በየስብሰባው እንጠቅሳለን። በዚያው ንግግር፣ ወደ ክሊኒኮች፣ ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ፖሊስ ጣቢያዎች «ልጁን አታጥፉት፣ እኛ እንወስደዋለን» የሚል መልእክት እንደላኩ መናገራቸውን ግን የሚያነሣው የለም። አታጥፉት ማለት ምንም አያስከፍልም። እንወስደዋለን ያለ ሰው ክፍል ማስለቀቅ፣ የጎረቤትንም ሐሜት መቻል አለበት። እሳቸው የመሠረቱት ማኅበር መነኮሳይት ቤት ስድስት ኪሎ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ዘይትና ሳሙና ይዘን እንሄድበታለን። ያን ቀን ግን አድራሻውን እንኳ የነገራት አልነበረም።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ውርጃ የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል፤ ካቶሊክ ነኝና አልቀበለውም። ከዚያ በፊት በየጓዳው በሥራ ሥርና በሽቦ የሞቱትን ሴቶችም አልረሳኋቸውም። ሕጉ በዚያች ዕለት ሌላ ቢሆን ኖሮስ? ልጅቷ ያው ማደሪያ አልነበራትም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ አሠሪዋን መውቀስ ቀላል ነውና። ከበሩ ውጭ አገኘኋት፤ አንድ ፌስታልና የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዛለች። «እትዬ፣ እስክወልድ ብቻ የሚያስጠጋኝ ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ። በግቢዬ ውስጥ የከሰል ጆንያና የተበላሸ ፍሪጅ የቆለፍኩበት ሰርቪስ ቤት አለ። «ልጆቼን ላማክርና እደውልልሻለሁ» አልኳት። ልጆቼን አላማከርኩም። 500 ብር ለመሳፈሪያ ብዬ በእጇ አስጨብጬ፣ ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ራሷ ደወለች። ድምፅዋ የተኛ ሰው ድምፅ ይመስላል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ በሰጡኝ ብር ላይ ጨምሬ ከፈልኩ። አለቀ» አለችኝ። ምን እንዳለቀ አልጠየቅኋትም። ምርቃት ነበር የሰጠችኝ፤ ለዚያ ነገር ምርቃት! ስልኩን ዘግቼ ወደ ሰርቪሱ ሄድኩና ቁልፉ ላይ እጄን አድርጌ ብዙ ቆምኩ።

የውርጃን ኃጢአት መፍታት ለጳጳስ የተጠበቀ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2009 ዓ.ም. ለካህናት ሁሉ ፈቀዱት። ለእሷ በሩ ቅርብ ነው ማለት ነው፤ ይህን ልነግራት እፈልጋለሁ። እኔም ተናዘዝኩ። ንስሐ አባቴ ግን ስለ ቡናው ስነግራቸው ዝም ብለው ቆይተው «ክፍሉስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ክፍሉን አስለቅቄዋለሁ። ከሰሉ ወጥቷል፤ ግድግዳው በኖራ ተቀብቷል። አልጋ አለው፤ ፍራሹ ላይ ያለው ፕላስቲክ ግን እስካሁን አልተነሣም። ቁልፉን ለቆሞሱ ሰጥቻለሁ። እኛ ካቶሊኮች በዚህ አገር ከመቶ አንድ አንሞላም፤ ጥቂት ስለሆንን በማን ግቢ የተዘጋ ክፍል እንዳለ እንተዋወቃለን። እባካችሁ ክፈቱት። በማኅበሩ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፤ ሁለት ሴቶች እናስብበታለን አሉኝ። እንደ እኔ «ልጆቼን ላማክር» ዓይነት ማሰብ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ቢሆንም እጠብቃቸዋለሁ።

ልጅቷን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልላታለሁ። ይጠራል፤ አታነሣውም።