ማይኩን ለማይለቁት ምስጋና ይድረስ

በዚህ አገር ሐኪሙ ይመሰገናል። መምህሩ ይመሰገናል። በዓል ሲመጣ በግ ነጋዴው ሳይቀር ይመረቃል። ስብሰባ ላይ ማይክ ከጨበጡ የማይለቁት ወገኖቻችን ግን እስከ ዛሬ አንዲት ሰርተፊኬት እንኳ የሰጣቸው የለም። ግፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ሥራቸውን በቅርብ ስላየሁ ዝም ብዬ ባልፍ ኅሊናዬ አይተኛም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሜን ሸዋ ከተሞች አንዷ አንድ ነባር የመኖሪያ ሰፈሯን ወደ ታውን ሀውስ ልትቀይር አስባለች። የትኛዋ እንደሆነች ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ላይ ፈልጉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ግቢ ይቀራል፤ አጥር ይቀራል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ጂ ፕላስ ዋን፣ ጂ ፕላስ ቱ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲወጣ ሕዝብ ይሳተፍ ስለሚል፣ የከተማው ምክር ቤት ነዋሪውን ጠራ። «ኑና ሐሳባችሁን ስጡ» አለ። እኛም ሄድን፤ ሰጠን። ሐሳብ ግን አልነበረም የሰጠነው።

ስብሰባው ለ2፡30 ነበር የተጠራው። መቼ እንደተጀመረ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የመክፈቻ ንግግር ነበረ። ከመክፈቻው ንግግር በፊት ደግሞ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ነበረ። ከዚያ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተነስቶ በፕሮጀክተር ካርታ አሳየን። ካርታው ላይ ቢጫ የነበረው ሰፈር ብርቱካናማ ሆኗል። ቢጫ ውስጥ ተኝተን ብርቱካናማ ውስጥ ልንነቃ ነው ማለት ነው። ጽሑፉ ከኋላ ለተቀመጠ አይነበብም፤ ከፊት ለተቀመጠም አይነበብም። ልጁ በጥድፊያ ተናግሮ፣ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። በዚያ አዳራሽ ስለ ጉዳዩ የተናገረ የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር።

መድረኩ ለሕዝብ ተከፈተ።

በመጀመሪያ አመስጋኙ ተነሱ። ዕድሉ ስለተሰጣቸው አመሰገኑ። መድረኩን ያዘጋጁትን አመሰገኑ። አዳራሹን ያሠሩትን፣ ወንበሩን የደረደሩትን፣ ድምፅ ማጉያውን የተከሉትን በየተራ አመሰገኑ። በመጨረሻም ስላዳመጥናቸው እኛን አመስግነው ተቀመጡ። በንግግራቸው ውስጥ ከምስጋና ሌላ አንድም ነገር አልተቀላቀለበትም። ንጹሕ ወርቅ!

አጠናካሪው ቀጠለ። «ከእኔ በፊት የተናገሩት አባት ያነሱትን ሐሳብ አጠናክራለሁ» አለ። ምን ሐሳብ እንደሆነ ባይገባንም አጠናከረው፤ ከአዳራሹ ስንወጣ ሳይነቃነቅ ትተነዋል። «ሦስት ነጥብ አለኝ» ያለው ወጣት የመጀመሪያውን ነጥብ በአራት ንዑስ ነጥብ ከፍሎ፣ ሁለተኛው ንዑስ ላይ ጊዜ አለቀበት። ዱባይ ደርሶ የመጣው ደግሞ ዱባይ ደርሶ እንደመጣ ነገረን። «እዚያ ቢሆን» ብሎ ጀመረ፤ እዚያው ቀረ። አንዷ እህታችን «እኔ እንኳ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» አለች። አስተያየቷ ጥያቄ እንደሌላት ነበር።

እነዚህ ሁሉ ግን ጀማሪዎች ናቸው። የዘርፉ ሊቅ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሱ። በየከተማው አንድ አንድ ስላላችሁ፣ እኔ «ጋሼ» ልበላቸውና ስማቸውን እናንተ ሙሉበት። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። በሁለት እጅ የተያዘ ማይክ ቶሎ እንደማይመለስ ስብሰባ የለመደ ሰው ያውቃል። ሰብሳቢውም ቶሎ ገብቶት «አባታችን፣ ሦስት ደቂቃ ነው» አለ። «ሁለቱ ይበቃኛል» አሉ ጋሼ።

በመጀመሪያው ደቂቃ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ነበርን። ከሰማይ ብርሃን ወረደ፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። ከጋሼ አፍ ሲወጣ ግን ንጉሡን በቅርብ የሚያውቋቸው ነው የሚመስለው። ከዚያ አንኮበር ወጣን። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን እጅ ነሳን። እንግሊዞች ስጦታ አሸክመው ሲመጡ ደጅ ቆመን ተቀበልናቸው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ሸኘናቸው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «አባታችን፣ ወደ ነጥቡ ቢመጡልን» አለ። «ልጄ፣ እየመጣሁ ነው» አሉ። እውነትም እየመጡ ነበር፤ በእግራቸው።

ጣሊያን ገባ። ጣርማ በርን ፈለፈለ። ዋሻው ውስጥ ገባን። እስክንወጣ ድረስ ሁለት ሰዎችን እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አንደኛው ያንኮራፋ ነበር። በወዲያኛው በኩል ብቅ ስንል ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛን። ጋሼ እዚያ የሚያውቁት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ እሱን ጠየቅነው። የሹፌሩን ልጅ ሠርግም ሳናይ አልተመለስንም። ሰብሳቢው በወረቀት ላይ «ይብቃ» ብሎ ጽፎ ከፍ አደረገ። ጋሼ መነጽራቸውን አልያዙም ነበር።

ከዚያ አንድ ተአምር ለጥቂት አመለጠን። ጋሼ 1967 ላይ ደረሱ። አዋጅ ቁጥር 47ን ጠሩ። ይህ አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው፣ ለአንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር የፈቀደው ነው። የዛሬው ጉዳያችን ሥሩ እኮ እዚያ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ ቤቱ የኛ ከሆነ፣ ፕላኑ ሲቀየር ለኛ ምን ይቀርልናል? አዳራሹ ነቃ። የሚያንኮራፋው እንኳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ በዚያ ዓመት ነው» አሉ፣ «ጎረቤቴ ባሕር ዛፉን የተከለው።»

የቀረው ጊዜ የባሕር ዛፉ ነው። ሥሩ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ቆርቆሯቸው ላይ ረገፈ። አጥሩ በአንድ ክንድ ወደ እርሳቸው ተገፋ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሌላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች በዚህ መሐል ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ይግባኝ ተባለ። ይህን ጊዜ ጎረቤትየው ከወዲያ ጥግ «ውሸት ነው!» ብለው ብድግ አሉ። አስተናባሪዋ ሮጣ ሁለተኛ ማይክ ሰጠቻቸው። ሁለት ማይክ! አንዱ «ሙሉ ክንድ ነው» ሲሉ ሌላው «ስንዝር አይሞላም» አሉ። በማን ክንድ እንደሚለካም ክርክር ተነሳ። ጋሼ ክንዳቸውን ዘርግተው ለቤቱ አሳዩ። ጎረቤታቸውም የራሳቸውን ዘረጉ። እውነት ለመናገር የጎረቤትየው ያጥራል።

ሲጨርሱ ተጨበጨበላቸው። ይገባቸዋል። ሁለት ደቂቃ ጠይቆ አምስት መቶ ዓመት መውሰድ የማንም ችሎታ አይደለም።

አሁን የውለታቸውን ልክ አስቡት። ጋሼና መሰሎቻቸው ባይኖሩ ያ ምስኪን መሐንዲስ ምን ይውጠው ነበር? አንዱ ተነስቶ «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አንድ ግቢ በነበረበት አራት ቤት ስትደረድሩ ውሃውን ከየት ልታመጡ ነው?» ሊለው ይችል ነበር። አንዷ ደግሞ «ሽንት ቤታችን ጉድጓድ ነው፤ ከተጣበቅን የማን ጉድጓድ በማን ሳሎን ሥር ሊውል ነው?» ብትለውስ? በረድፍ ቤት የመሐሎቹ በሁለት ጎን መስኮት የላቸውም። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች ብሎ መጠየቅ የቅንጦት አይደለም። ኩበት የሚነድበት ማድ ቤት ፎቁ ላይ የቱ ጋ ነው የተሳለው? የጠላው ብቅል የት ይሰጣል? ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከላል? በግ እንኳ ለፋሲካ ዋዜማ የሚታሰርበት ቦታ ይፈልጋል።

ሌላም ነበር። በዚያ ሰፈር ብዙ ጡረተኛ የሚኖረው በጡረታው አይደለም። ግቢው ውስጥ ባሉት ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ ነው። ተከራዮቹ የፋብሪካ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። አዲሱ ፕላን ላይ ሰርቪስ የሚባል ነገር የለም። ተከራዮቹም አልተጠሩም፤ ቢጠሩም በሥራ ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢነሳ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ መልሶ እንዲለማ በተወሰነ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት፣ በግሉም ሆነ በቡድን፣ ራሱ ለማልማት የቅድሚያ መብት አለው የሚል አንቀጽ ይዞ ነው የወጣው። «እኛው ተደራጅተን ብንሠራውስ? ስንት ጊዜ ይሰጠናል? ብድሩስ ከየት?» ቢባል፣ በዚያ ብርድ ሰብሳቢውን ላብ ያጠምቀው ነበር። ካሳው በምን እንደሚሰላ፣ ምትክ ቦታው ከከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢጠየቅማ ሻዩም ይቀዘቅዝ ነበር። ባለማይኮቹ ግን አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንዱም ጥያቄ ከበር እንዳያልፍ ጠበቁ። ለዚህ ደሞዝ አለመከፈላቸው ይገርመኛል። በነፃ ነው የሚሠሩት! የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጃቸው ያልሆነ ልጅ ጉዳይ ሲያወሩ፣ እድር ላይ ስለ ድንኳን ኪራይ ሊወሰን ሲል የአገር ፖለቲካ ሲተነትኑ ልምምድ ያደርጋሉ እንጂ ሥልጠና እንኳ የሚሰጣቸው የለም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ከኋላ በር አጠገብ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሼ አንኮበር ሳይደርሱ እጃቸውን አወጡ። ግራቸው ሲደክም በቀኛቸው ለወጡ። ካርታ የላቸውም፤ ሰነድ አልባ ከሚባሉት ናቸው። ይህን በኋላ ደጅ ላይ ነው የነገሩኝ። ሊጠይቁ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ካርታ የሌለን ሰዎች እዚያ ሥዕል ላይ የቱ ጋ ነን?» ተራቸው ሲደርስ ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ «እናታችን፣ ጊዜ ስላለቀ በጽሑፍ ያስገቡልን» አላቸው። በጽሑፍ! ፊደል ላልቆጠሩ ሴት! ለአንድ ክንድ አጥር ሲሆን የተንጣለለ ጊዜ የነበረው አዳራሽ፣ ጣሪያቸው በላያቸው ሊነሳ ለሚችል ሰው አንዲት ደቂቃ አጣ። ቁጭ ብሎ ሲደሰኩር ከዋለው ሁሉ «ኧረ ይናገሩ» ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ከእድሜም፣ ከትምህርትም፣ ከዱባይም የተረፈ ይሉኝታ የለም? ማይክ እኮ የሕዝብ ነው። ያንን የያዘ ሰው የሚበላው የራሱን ሦስት ደቂቃ አይደለም፤ የሴትየዋን ነው የበላው። እርሳቸው እጃቸውን ሲያወርዱ ሰዉ ወደ ሻዩ እየተጋፋ ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሰብሳቢው ማጠቃለያ ሰጠ። «በጣም ጠንካራ ሐሳቦች ተነስተዋል» አለ። «ሁሉንም በግብዓትነት እንወስዳለን። አንዳንዶቹ በሂደት የሚፈቱ ናቸው።» ባሕር ዛፉ በየትኛው ውስጥ እንደሚመደብ አልገለጸም። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፦ ተሳታፊዎች በቀረበው የፕላን ለውጥ ላይ ሰፊና ጥልቅ ውይይት አድርገው ድጋፋቸውን ገልጸዋል። ሰፊነቱንስ ማን ይክዳል። «የሚቃወም አለ?» ተባለ። ማን ይቃወማል? ስለ ፕላኑ አንድ ቃል ባልተነፈሰበት ቤት ውስጥ ተቃዋሚ ከየት ይበቅላል? «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ሲባል እጅ እንደ ጫካ ቆመ። ጋሼም አወጡ። ጎረቤታቸውም ያችን አጭር ክንዳቸውን አወጡ።

ስወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ካርታ ጠጋ ብዬ አየሁት። ሰፈሩን ስለማውቀው የማን ቤት የት እንደሚያርፍ ለመለየት አልተቸገርኩም። ጋሼና ጎረቤታቸው ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በመሐላቸው ባሕር ዛፍ የለም። አጥር የለም። ክንድም ስንዝርም የለም። አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የጋራ ነው።