የደሴ መሀል ከተማ ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

በፒያሳና በሙጋድ አካባቢ ያሉት አሮጌ የንግድ ቤቶች ተነሥተው ሰፈሩ እንደ አዲስ ይሠራ የሚል መሐንዲስና በዚያው ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ይከራከራሉ።

መሐንዲሱ፦ ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨንቃ እንደ መቀነት የተዘረጋች ከተማ ናት። የአዲስ አበባና የመቀሌ ከባድ መኪና፣ ታክሲው፣ ባጃጁ፣ እግረኛው ሁሉም በጠባብ መንገድ ይጋፋል። ክረምት ላይ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ፣ ቱቦው ከተደፈነ፣ አስፋልቱን ወንዝ ያደርገዋል። ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ሲሻገሩ ቆሜ አይቻለሁ። ይህ በቀለም ቅብ አይድንም። ደግሞስ ምን ያልፈረሰ አለ? ጣሊያን በኅዳር 1928 ከተማዋን በቦምብ አቃጥሏታል፤ እንደገና ተሠርታለች።

ነጋዴዋ፦ በጎርፉ ከእርስዎ ጋር ነኝ ወንድሜ፤ እኔም ጫማዬን ስንቴ አውልቄአለሁ። ግን የቤቶቹ ምሰሶ ለምን እንደበሰበሰ ይጠይቁ እንጂ! በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አብዛኞቹ የቀበሌ ሆኑ። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ በእሱ የሚያድስ የለም። ተከራይ ልጠግን ሲል ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ ጣሪያዬ እያፈሰሰ ሦስት ክረምት ፈቃድ ጠብቄአለሁ፤ ጣቃውን በላስቲክ እየሸፈንኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዳይጠገን የታሰረን ቤት፣ ዛሬ አርጅተሃልና ፍረስ ማለት ግፍ ነው።

በረንዳዬ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ከነሲንጀሩ ይቀመጣል። ከእኔ ጨርቅ የገዛች ሴት እዚያው ትለካለች፣ ክርና ቁልፉን ከጎረቤቴ ትገዛለች፣ እስኪሰፋላት ፊት ለፊት ቡና ትጠጣለች። አራት ቤት ከአንድ ቀሚስ ይበላል። ቤቱ ፈርሶ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ያ ልብስ ሰፊ በምን አቅሙ ይከራያል?

መሐንዲሱ፦ እሱ ተገቢ ጥያቄ ነው። ተከራዮች በማኅበር ተደራጅታችሁ ሥሩ፤ ምድር ቤቱ የእናንተ ይሁን። አብሽሩ፣ ተባብሮ የሠራ አለ።

ነጋዴዋ፦ በምን ብር? በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሸሽተን ስንመለስ ብዙዎቻችን ያገኘነው ባዶ መደርደሪያ ነው፤ የዚያን ዕዳ ገና መክፈላችን ነው። ሕጉም ቢሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ቅድሚያ የማልማት መብት የሰጠው ለባለይዞታ ነው። እኛ ተከራዮች ነን። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያለውን የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍ ያሉት ድኻም ሀብታምም እኩል ይግባ ብለው ነው ይባላል፤ መሀል ከተማውም እንዲያ ይሁን። መጀመሪያ ቱቦው ይቀበር። ለዚያ ከበረንዳችን አንድ ሜትር ተኩል ቢጠየቅ እንሰጣለን። ቤቱን በገንዘቡ ለሚጠግን ተከራይም የረጅም ጊዜ ውል ይሰጠው።

መሐንዲሱ፦ ቱቦው ይቅደም ባሉት እስማማለሁ፤ ውሉንም እደግፋለሁ። የቀረኝ እሳቱ ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቢቀጣጠል የእሳት አደጋ መኪና ወደ ውስጥ አይገባም። አንድ ሜትር ተኩል ለቱቦ ይበቃል፣ ለመኪና ግን አራት ሜትር ያህል እፈልጋለሁ። ስለዚህ የተወሰኑ ቤቶች መነሣታቸው አይቀርም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ከእናንተ ጋር ዞረን ሳንለካ አንድም ቤት ላይ ምልክት አይቀባ።