ሳነቴ ላይ ውሻችሁን ከመኪና አታውርዱ

ይህን ብሶት የምጽፈው ውሻ የሚጠላ ሰው ሆኜ አይደለም። ከደሎ መና ወደ ቤቴ ወደ ጎባ ስመለስ ሁለት ውሾቼ ከኋላ ወንበር አይለዩኝም። የሐረናን ጫካ ሽቅብ ጨርሰን፣ ቀርከሃውንም አስታውንም አልፈን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አምባ የሆነው ሳነቴ ላይ ብቅ ስንል፣ ታናሽየው አፍንጫውን በመስኮቱ ክፍተት አሾልኮ የፍልፈሉን ሽታ እየማገ እንዳወርደው ያለቃቅሳል። አይወርድም፤ መስኮቱም ከዚያ በላይ አይከፈትም።

ያስመረሩኝ ለሽርሽር ብለው የሚመጡት ባለ መኪኖች ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጅብራ መካከል፣ 4,377 ሜትሩን ቱሉ ዲምቱን ከኋላ አድርጎ ፎቶ መነሳት ማንም አይከለክላቸውም፣ እኔም ተነስቻለሁ። ነገር ግን መኪናው ገና ጥግ ሳይዝ በሮቹ ወለል ብለው ይከፈቱና ውሻው ያለ ማሰሪያ ይለቀቃል። በቅርቡ አንዱ ውሻው ቀይ ቀበሮ ሲያሳድድ በስልኩ እየቀረጸ ይስቅ ነበር። ቀርቤ ብነግረው «ኧረ ጋሼ፣ ይጫወቱ እንጂ፣ ዘመዳሞች አይደሉ እንዴ?» አለኝ።

ጣጣውን ያመጣው ዝምድናው ነው! ዘመዳሞች በመሆናቸው የውሻ በሽታ ወደ ቀበሮዎቹ ይሻገራል። በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ እዚሁ ፓርክ ውስጥ ያለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው ገዳይ የውሻ በሽታም ሳነቴ ያሉትን ደጋግሞ መትቷቸዋል። እነዚህ እንስሳት በቤተሰብ የሚኖሩ፣ ሲገናኙም አፍ ለአፍ ተላልሰው ሰላም የሚባባሉ በመሆናቸው፣ አንዱ ከታመመ ሌላው የሚተርፍበት ዕድል ጠባብ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት በሙሉ ተደምረው 500 አይሞሉም፤ ከእነዚያም ከግማሽ በላዩ የሚገኘው እዚሁ ባሌ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ የሚገባው ከጅብም የከፋ ነው።

«የእኔ ውሻ ተከትቧል» የሚለውን መልስማ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። የእብድ ውሻ ክትባት ዲስተምፐርን አይከላከልም። ጤነኛ ነው ብንል እንኳ፣ ቀበሮዎቹ ከጥቅምት እስከ ታህሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚወልዱ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሽርሽረኛው በሚበዛበት ወቅት እናቲቱን ከጉድጓዷ ማባረር ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

ደግሞ የሚገርመኝ፣ እነዚሁ ሰዎች ጎባ ገብተው ቡና ሲጠጡ «ፓርኩን ያጠፋው የእረኛው ውሻ ነው» ብለው ሲፈርዱ መስማቴ ነው። የእረኛው ውሻም ያው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልክድም። እሱ ግን ሌሊቱን በብርድ እየተቆራመደ ከብቱን ከጅብ ይጠብቃል፤ ለስላሳ ወንበር ላይ ተኝቶ የመጣው ውሻ ሳነቴ ላይ ምን ሥራ አለው? በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ፎቶውን ተሽቀዳድመን የለጠፍነው እኮ እኛው ነን።

«ሽንቱ ቢመጣበትስ?» ለምትሉኝ፣ ከደሎ መና ጎባ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አናፍሱት፣ ውኃውን ቀነስ አድርጉለት፣ የቀረውን ጎባ ስትገቡ ይጨርሰው።