ሽንኩርቱስ በምን ይሂድ?

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው ትልቁ ኤርፖርት አገሪቱን ሁሉ ያሳድጋል ይላል። ይሠራ፣ አልቃወምም። እኔ ግን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የኛ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ለቱሪዝሙም ትልቅ ነገር ነው። የአካባቢያችን የፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ ግን በአውሮፕላን አይሄድም። በአይሱዙ ተጭኖ የአባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ሽንኩርት ደግሞ ሙቀት ላይ ከቆየ ይበሰብሳል። ገበሬው በስንት ልፋት ያመረተው እኮ ነው! ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አልፎ ወልዲያ የሚገባ የባቡር መስመር በአገሪቱ ዕቅድ ውስጥ ነበር። ከአዋሽ የተነሳው ሐዲድ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ወዳለችው ሐራ ገበያ ተዘረጋ፤ ወደ እኛ ግን አልዞረም። ፈጣን ባቡር አምጡልን አላልንም። ደህና የጭነት ባቡር ይበቃናል። እዚህ ባሕር ዳር አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ በጣም ነው የተደሰትነው። ቀጥሎ ሐዲዱ ይምጣልን።