የቀርጤስ ገበሬ ልብ፦ ምግቡ ነው ወይስ ኑሮው?

አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪይዝ እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረው የሰባት አገሮች ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታተለ። በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ከሁሉ ያነሰው በግሪኳ ደሴት በቀርጤስ ነበር። ከሁሉ የበዛው ደግሞ በምሥራቅ ፊንላንድ። ሁለት ጸሐፊዎች በምክንያቱ ይከራከራሉ።

ምግቡ ነው የምትለው

መልሱ ማዕዱ ላይ ነው። የቀርጤስ ገበሬ ስብ ፈርቶ አልኖረም። ከምግቡ ከሚያገኘው ካሎሪ 40 በመቶ ያህሉ ከስብ ነበር። ስቡ ግን የወይራ ዘይት ነው። ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል ይቀቀልና ዘይት ይፈስበታል። ባቄላና ምስር አለ። ሥጋ ለበዓል ነው። ፊንላንዳዊውም ስብ ይበላል፤ የእሱ ቅቤና ስቡ ያልወጣለት ወተት ነው።

«ኑሮው ነው» የምትሉ ይህን መልሱልኝ። የምሥራቅ ፊንላንድ ሰው እኮ ሰነፍ አልነበረም። በረዶ ውስጥ ግንድ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ነው። የጉልበት ሥራ ብቻውን ልብን የሚያድን ቢሆን እሱን ባዳነው ነበር።

ኑሮው ነው የሚለው

እህቴ፣ ስለ ፊንላንዱ ያሉት እውነት ነው፤ አልሸሸውም። ግን ሰውየው ሲጋራም ያጨስ ነበር፣ የደም ግፊቱም ከፍተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በሐኪሙ በፔካ ፑስካ መሪነት በምሥራቅ ፊንላንዷ ሰሜን ካሬሊያ የልብ ሕመምን ለመቀነስ የተጀመረው ዘመቻም ቅቤው ላይ ብቻ አልዘመተም። ሲጋራውም ጨውም ነበሩበት።

ወደ ቀርጤስ ልመለስ። እዚያ ከተደረጉት የአመጋገብ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በዓቢይ ጾም ነው። ይህን ስንቱ ያውቃል? ሥርዓቱን የሚጠብቅ የግሪክ ኦርቶዶክስ በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ጾም ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። መንደሩ አብሮ ይጾማል፣ አብሮ ይፈታል። በማግስቱም በእግሩ ዳገት ወጥቶ ወይራውን ይለቅማል። ይሄ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ አይሸጥም። ዛሬ ቀርጤስ ዘይቱ ሞልቷል፤ ሰዉ ግን ወፍሯል።

ምግቡ ነው የምትለው

ወንድሜ፣ ጾም እኮ ራሱ ምግብ ነው! ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕድ የሚነሱበት ጊዜ ነው።

ስፔንንም ይመልከቱ። ፕሬዲሜድ የተባለው ጥናት 7,447 ሰዎችን አሳተፈ። ስፖርት ሥሩ አልተባሉም። ለአንዳንዶቹ የወይራ ዘይት፣ ለአንዳንዶቹ ለውዝና መሰሎቹ ተሰጣቸው። ይህ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም የሚመጣ ሞት ተደምረው በ30 በመቶ ገደማ ቀነሱ።

ኑሮው ነው የሚለው

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ያ ጥናት በ2018 ከመጽሔቱ ተነሥቶ፣ ታርሞ እንደገና ታትሟል። ሰዎቹ በዕጣ ሲደለደሉ ስህተት ነበር። ከእርማቱ በኋላም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፤ አልክድም። በግልጽ የቀነሰው ግን ስትሮክ ነው። የእኛ ክርክር ስለ ልብ ነው።

ይህን ያህል የምሟገተው በአክስቴ ምክንያት ነው። ዋሽንግተን ነው የሚኖሩት። ስለ ወይራ ዘይት ሰሙና ገዙ። ሰላጣቸው ላይ ያፈሱታል። ቅቤው እንዳለ ነው፣ ክትፎው እንዳለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጡም እንዳለ ነው። ልባቸው ያሳስበኛል።

ምግቡ ነው የምትለው

እዚህ ላይ አንድ ነን። የማርታ ማኅበር የሚባለው የፊንላንድ ሴቶች ማኅበር ሰሜን ካሬሊያ ውስጥ ወጥ አሠራር ሲያስተምር፣ የሰባውን ሥጋ ቀንሶ በምትኩ አትክልት አስገባ። አክስትዎም ዘይቱን ቅቤው ላይ መጨመራቸውን ትተው በቅቤው ቦታ ያድርጉት። ክትፎውን ለበዓል ያቆዩት። እርስዎም ሲሄዱ ይዘዋቸው በእግር ይውጡ።