ስልኩ ክረምት መሆኑን አያውቅም

ኧረ በሕግ አምላክ! ረጅም መንገድ በሳይክል ለሚሄድ ሰው የሚሆን አንድ የካርታ አፕ ጠፋ?

ነሐሴ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለመሄድ ተነሣን። በአሮጌው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሳባችን የመጀመሪያውን ቀን መቂ፣ ሁለተኛውን ላንጋኖ ማደር ነበር። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አፕ ስመርጥ ከረምኩ። ሁለት ጫንኩ።

አንዱ ነጻ ነው። ለእሱ የሰው ልጅ በሙሉ ባለመኪና ነው። ሐዋሳ ስለው ዓይኑን ሳያሽ ፈጣን መንገዱን ሰጠኝ። ፈጣን መንገድ ላይ ሳይክል ክልክል መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ጓደኛዬ ግን «ስልኩ እያለ አንተ ምን አገባህ» ብሎ ቱሉ ዲምቱ መግቢያው ድረስ ወሰደኝ። ጥበቃው ከነሻንጣችን ከላይ እስከ ታች አየንና ሳቀ። «ወንድሞቼ፣ ይሄ የመኪና ነው። ተመለሱ።» ተመለስን።

ሁለተኛው ለሳይክል ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። በዶላር ይከፈላል። የኔ ካርድ እንቢ ስላለ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ (እስካሁን ትጠይቀኛለች፣ «ተጠቀምክበት?» እያለች)። ዱከምን እንዳለፍን ይሄ የተከበረ አፕ «ወደ ግራ ታጠፍ» አለ። ጸጥ ያለ መንገድ፣ መኪና የሌለበት፣ በጤፍ ማሳ መሀል። ተሳቢ በጆሮ ግንዳችን ሥር ሲያልፍ ስለዋለ በደስታ ታጠፍን።

ዋልካ። የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ቀጥሎ ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጎማው መዞር ያቆማል፣ ቀጥ። እንጨት ፈልጌ ፈቅፍቄ አወጣሁት። አሥር እርምጃ ገፋሁት፣ እንደገና ቀጥ። ጫማዬ እያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ሆነ። በመጨረሻ ሻንጣዎቹን ፈትተን፣ ሳይክሉን ተሸክመን፣ ለሻንጣው ደግሞ ተመልሰን ሄድን። ለሁለት ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ተኩል!

አንድ አባት በሬዎቻቸውን እየነዱ ቆመው አዩን። «በዚህ ማን አመጣችሁ?»

«ስልኩ ነው፣ አባባ።»

«ስልኩ ክረምት መሆኑን አያውቅም እንዴ?»

ምን ልበል? አያውቅም! ይህ አፕ ካርታውን የሚወስደው ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። እሱን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ብዙውን የገጠር መንገድ የሚስሉትም ከሳተላይት ፎቶ ላይ እያዩ ነው። ፎቶው በበጋ የተነሣ ከሆነ መንገዱ ነጭ፣ ደረቅ፣ ሸጋ መስመር ነው። አፈር ይሁን ጠጠር ወይም አስፋልት፣ ቦታው ላይ የነበረ ሰው ካልጻፈው ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። በጎ ፈቃደኞቹን አልወቅስም፣ እነሱ ባይኖሩ መስመሩም አይኖርም ነበር። የምወቅሰው ባዶውን ሣጥን አይቶ «ለሳይክል ተስማሚ» ብሎ በድፍረት አረንጓዴ የቀባልኝን፣ ገንዘብ የሚቀበለኝን አፕ ነው። «አላውቅም» ማለት ምን ይከብዳል?

ከእነዚህ በፊት የነበረኝን ሦስተኛ አፕ ያባረርኩት አምና አባይ በረሃ ላይ ነው። ዳገቱን በሜትር እቆጥራለሁ ይላል። እነዚህ አፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት የከፍታ መረጃ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው፤ በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር። ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ገደል ጥግ የተቆረጠ መንገድ ላይ ግን መስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ቁጥሩ አንዴ ከገደሉ አናት፣ አንዴ ከሥሩ ይሆናል። ስለዚህ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ፍሬን ይዤ ቁልቁል እየወረድኩ፣ ስልኬ «ዳገት እየወጣህ ነው፣ በርታ» ይለኛል። በርታ!

የስሙን ነገርማ ተዉት። ዝዋይ ስትለው ባቱ፣ ባቱ ስትለው ባሌ ተራራ።

እኔ የምፈልገው እኮ ብዙ አይደለም። አስፋልቱ ትከሻ አለው ወይ? ተሳቢ ሲመጣ የት እወጣለሁ? ውኃ የሚሸጥ ሱቅ ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላ ነው? ውሻ የሚያባርርበት መንደር የቱ ነው? ይህን የሚነግረኝ ሞጆ መታጠፊያ ላይ ያለው ጎሚስታ ነው፣ ያውም በነጻ።

ለማንኛውም፣ መቂ ቀርቶ ማታ ቢሾፍቱ አደርን። 50 ኪሎ ሜትር እንኳን በወጉ ሳንሞላ። ጓደኛዬ መታጠቢያ ቤት ጭቃውን ሲያጥብ ስልኩ ጮኸ፤ አፑ ነው። «ድንቅ ጉዞ! ይህን መንገድ ለሌሎች ሳይክለኞች ያጋሩ?» ይላል። ጓደኛዬ ጥያቄውን ለማጥፋት በእርጥብ ጣቱ ነካው።

«አዎ» የሚለውን ነው የነካው። እንግዲህ ከዱከም በኋላ ወደ ግራ ታጠፍ የሚላችሁ አፕ ካለ እኛ ነን። ይቅርታ።